መረብ እየጠገንን የተናገርነው

ወደ ኮረብታው እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነበር። ካርታው ላይ በቁጥር ብቻ የተጻፈ፣ ዛፍ የሚባል የሌለበት ኮረብታ ነው። ወታደሩ «መላጣው» ይለው ነበር። እኔ የሻምበላችን የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ሬዲዮውን በጀርባዬ አዝዬ ከአዛዣችን ከመቶ አለቃ ፈለቀ ኋላ ኋላ እሄዳለሁ። አመሻሽ ላይ ኮረብታውን ያዝን። ብዙም ተኩስ አልነበረም። ድንጋይ ከምረን ምሽግ ሠራን፤ ደረቁን የወታደር ብስኩት፣ ኮቾሯችንን በላን፤ ጋደም አልን።

ጎህ ሲቀድ መልሰው አጠቁን። መጀመሪያ በግራ በኩል ያለችው ጋንታ ዝም አለች። መቶ አለቃ ፈለቀ «መድፍ ጥራ» አለኝ። ጠራሁ። የዒላማውን ቁጥር ሰጠሁ። መልስ የለም። እንደገና ጠራሁ። ሬዲዮው እሽሽ ከማለት በቀር ምንም አልመለሰም። «አሁንም ጥራ» አለኝ መቶ አለቃው። ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ነው። ፀሐይዋ እስክትሞቅ ድረስ ጠራሁ። ጭኔን በጥይት ስመታም መነጋገሪያው በእጄ ነበር። ከኮረብታው ተሸክመው ያወረዱኝ የማላውቃቸው ሁለት ወታደሮች ናቸው። ዳግም አላየኋቸውም።

ስለ ውጊያው የምነግራችሁ ይኸው ነው። ልጆቼ ሲጠይቁኝ ከዚህ የበለጠ የሚጠብቁ ይመስለኛል። እኔ ግን መናገር የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ስለሱ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ቁስሌ ሲሽር ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ናዝሬት ታላቅ እህቴ ቤት ገባሁ። እትዬ ጸጌ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ትንሽ ከማንከሴ በስተቀር እግሬ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ጆሮዬ ነበር። ዘይት ብረት ድስት ላይ ሲንጫጫ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፣ ባቡሩ የፍሬኑን አየር ሲለቅ ያንን የሬዲዮ እሽሽታ እሰማለሁ። ያን ጊዜ እጄ ሳላዘው ወደ ጆሮዬ ይነሳል። ካቲካላ ስጠጣ ድምፁ ይጠፋል። መጀመሪያ የምጠጣው ለእንቅልፍ ነበር። ቆይቶ ከአልጋ ለመነሳትም መጠጣት ጀመርኩ።

እትዬ ጸጌ አልተቆጣችኝም። አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ክንዴን ያዘችና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ መድኃኒት ልትወስድ ከዝዋይ የመጣች ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ዘነበች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን እስከ መጨረሻው የምትጠብቅ ሴት ነች። በዝዋይ የቁስለኞች ማገገሚያ ትሠራ ነበር።

«እንቅልፍ የሚሰጥ ኪኒን አለ» አለችኝ። «እሱን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ግን ተመልሰህ ትመጣለህ። ዝዋይ ውስጥ እንዳንተ ያሉ ሰዎች አሉኝ። ከእነሱ ጋር ተቀመጥ።»

«ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?»

«ትሰማለህ። ሲመጣልህ ትናገራለህ።»

እህቴ ጣልቃ ገብታ «አረቄውንስ?» አለቻት።

«አረቄውን ለብቻው ሆኖ ለመተው ሞክሯል አይደል? አሁን ከሰው ጋር ይሞክር።»

ማገገሚያው ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደንብ አላስታውሳቸውም። ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀኛል፤ ግድግዳው ላይ የሌሉ ነገሮች ሲሄዱ አያለሁ። አጠገቤ ተቀምጦ ውኃ ያጠጣኝ የነበረው ሃምሳ አለቃ ግዛው ነው። የታንክ ሹፌር ነበር። ሁለቱም እጆቹ በእሳት ተቃጥለው ጣቶቹ ተጣብቀዋል። ብርጭቆውን በመዳፎቹ መሃል ይዞ ከንፈሬ ላይ ያደርግልኛል።

«አይዞህ አንተ ልጅ» ይለኝ ነበር። «አረቄው እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነው የለቀቀኝ።»

ስረጋጋ ወደ ስብሰባው ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ አግዳሚዎቹን ክብ አድርገን እንቀመጣለን። በዚያ ዘመን ክብ ሠርቶ መቀመጥ ለማናችንም አዲስ አልነበረም። የውይይት ክበብ የማይገባ ሰው የለም። እዚያ ግን ሰው የሚናገረው የሚፈለገውን ነው። የሲስተር ዘነበች ሌላ ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ማንም ማንንም ፈሪ አይልም። የጠጣ ሰው ካለ መጠጣቱን ቀድሞ ይናገራል፤ ስለተናገረም አይባረርም። እዚህ የተወራ ከዚህ አይወጣም። እሷም አትመክርም፤ ትጠይቃለች እንጂ። «ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» ትላለች። በመጀመሪያ ይህ ጥያቄ ያሳፍረን ነበር። ወታደርን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልለመድንም።

ከሁላችን ዝምተኛው ቶሎሳ ነበር። የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ሽንኩርት ያመርታሉ። ከብሔራዊ ውትድርና በቀጥታ ግንባር የሄደ፣ ከጉንጩ ፂም በወጉ ያልወጣለት ወጣት ነው። ጠዋት ሲገባ በኦሮምኛ «አካም ቡልታን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብሎ ሁላችንንም ሰላም ይላል። ከዚያ በኋላ ቃል አይወጣውም። ቁስል የለበትም። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ተነስቶ ይወጣል።

አንድ ቀን የማገገሚያው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ በላይነህ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን የሚፈራ ሰው ነበር።

«ሲስተር፣ ስለ ግንባር እንዲህ ማውራት ሞራል ይሰብራል» አለ። «የሚወራ ካለ የውይይት ክበብ አለ። ይህ ስብሰባ ይቁም።»

ሲስተር ዘነበች «እሺ ጓድ» አለች። እኛም ተበተንን።

በሳምንቱ የዓሣ አጥማጆቹን ማኅበር አነጋግራ የተቀዳደዱ መረቦች በጋሪ አስጫነችልን። ጉማሬ እየገባባቸው የተበጣጠሱ ናቸው። ሐይቁ ዳር ትልቅ ሾላ አለ፤ መረቡን ከሥሩ ዘርግተን በእንጨት መርፌ እንጠግናለን። ስብሰባ አይደለም፤ ሥራ ነው። ግን ያው ክብ ነበርን። ሲስተር ዘነበችም ከአንዱ ጫፍ ተቀምጣ ትጠግናለች። ሃምሳ አለቃ ግዛው መርፌ መያዝ ስለማይችል መረቡን በክንዶቹ ወጥሮ ይይዝልናል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ፍለጋ አጠገባችን ይንጎራደዳሉ።

ሥራው ንግግሩን አቀለለው። ዓይን ለዓይን አንተያይም፤ ሁሉም የሚያየው መረቡን ነው። በመጋዘኑ ቤት ያልተናገሩ ሰዎች ሾላው ሥር ተናገሩ። እኔም ስለ መጠጡ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ጆሮዬ አወራሁ። ስለ ሬዲዮው ጥሪ ግን አላወራሁም። በዚያች ጠዋት መድፈኞቹን እንዴት እንደጠላኋቸው ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። መቶ አለቃዬን የገደሉት እነሱ እንደሆኑ አምን ነበር። ተኝተው ይሆናል፣ ሰክረው ይሆናል እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ጓድ በላይነህ ድንገት መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየን ጀመር። ወሬያችን ወደ ዓሣና ወደ ዝናብ ዞረ። ቶሎሳ ከእኔ ቀጥሎ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሳይል፣ መርፌውን ሳያቆም፣ በዝግታ መናገር ጀመረ።

«እኔ መድፈኛ ነበርኩ» አለ።

ሃምሳ አለቃ ግዛው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዝም በል ማለቱ ነው። ቶሎሳ አልተወም።

«ከኮረብታ ላይ ይጠሩናል። በሬዲዮ። ልጁ ቁጥሩን በትክክል ይሰጣል። ጥይት ግን አልነበረንም። ካለቀ ቆይቷል። አዛዣችን እንዳንመልስ አዘዘን። የለም ከምንላቸው ዝም ብንል ይሻላል፣ ተስፋ አይቆርጡም አለ። እሱም ያለቅስ ነበር። ልጁ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ ሲጠራ ቆየ። ከዚያ ቆመ።»

እጄ መረቡ ላይ ቀረ። የእሱ ግንባር የእኔ አልነበረም። ዓመቱም የእኔ አይደለም። ስለ እኔ ኮረብታ እያወራ እንዳልነበር አውቃለሁ።

«ይሰማችሁ ነበር?» አልኩት።

«ይሰማን ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሬዲዮው አጠገብ ነበርኩ።»

«እኔ የሚሰማኝ ሰው የለም ብዬ ነበር» አልኩት። ከዚያ ስለ መላጣው ኮረብታ፣ ስለ መቶ አለቃ ፈለቀ፣ ስለ ጠላኋቸው መድፈኞች ነገርኩት። የተናገርኩት ለእሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ መኖራቸውን ረስቼ ነበር። ጨርሼ ቀና ስል ቶሎሳ ያለ ድምፅ እያለቀሰ ነው።

ጓድ በላይነህ ከድንጋዩ ተነሳ። ቶሎሳ አጠገብ መጥቶ ቆመና «ጥይት አልነበረንም ያልከውን ሌላ ቦታ እንዳትደግመው» አለው። ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ። ማስፈራራቱ ይሁን ማዘኑ ዛሬም አላውቅም።

ከቀናት በኋላ ሲስተር ዘነበች ናዝሬት ተጠራች። ሁላችንም ፈራን። ስትመለስ ዕቃዋን ለመሰብሰብ ነበር፤ ወደ መተሐራ ተዛውራለች። ማን ምን እንዳለ አልነገረችንም። ለመሰናበት ሾላው ሥር መጣች።

«እናንተ ግን መቀመጣችሁን አትተዉ» አለች።

«ያለ እርስዎ ማን ይመራናል?» አላት ቶሎሳ።

«እስከዛሬም እኔ ብዙ አልተናገርኩም» አለችው።

በማግስቱ መረቡን ዘርግተን ተቀመጥን። የሚጀምር ጠፋ። ሃምሳ አለቃ ግዛው አልነበረም። ሰዉ በዓይኑ ይፈላለግ ጀመር፤ አንዳንዱም ለመነሳት ተዘጋጅቶ ነበር። በመጨረሻ ግዛው ከከተማው በኩል መጣ። አካሄዱ ልክ አይደለም። የካቲካላው ሽታ ከሩቅ ይሰማል። ዞሮ ይሄዳል ብዬ ነበር። መጥቶ ሲስተር ዘነበች ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ቁጭ አለ፤ የመረቡን ጫፍ በክንዱ ያዘ።

«ትናንት ጠጥቻለሁ» አለ። «ዛሬም ጠጥቻለሁ። ሄዳለችና ምን ዋጋ አለው ብዬ ነው። አሁን እናንተ ተናገሩ፤ እኔ እሰማለሁ።»

ቶሎሳ «ያን ጊዜ ምን ተሰማዎት?» አለው።

ሃምሳ አለቃው የመረቡን ጫፍ እንደያዘ መለሰለት። የሚጠገን ሌላ መረብ እስኪመጣ ድረስ ተነጋገርን፤ ሲመጣም ቀጠልን። እኔ ወደ ናዝሬት እስከተመለስኩበት ቀን ድረስ ስብሰባው አልተቋረጠም። የሬዲዮው እሽሽታ ጨርሶ አልተወኝም። ሲመጣ ግን በወዲያኛው ጫፍ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እጄም አይነሳም።

መላጣው ላይ ከአዛዣችን ጋር በአንድ ምሽግ የነበርነው ስድስት ነበርን። መቶ አለቃ ፈለቀ፣ አስር አለቃ ደስታ፣ ከበደ፣ ኢብራሂምና ትንሹ ታደሰ እዚያው ቀሩ። መቃብራቸውን አላውቀውም። ከሾላው ሥር ጓደኞቼ ሦስቱ ድነዋል ተብለው ወደ ግንባር ተመልሰው ሞቱ። አንዱ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ መረብ ጣዮቹ ናቸው ያወጡት። ሃምሳ አለቃ ግዛው መጠጡን ከተወ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ በመጨረሻ የገደለው ግን ጉበቱ ነው። ቶሎሳና እኔ አስከሬኑን ተሸክመናል።

መንግሥት የጦርነቱን ሙታን ሲቆጥር ሐይቅ የገባውንና በጉበት የሞተውን አይቆጥርም። እኔ ስማቸውን ስጠራ ከመቶ አለቃ ፈለቀ ጀምሬ ሳላቋርጥ እስከ ግዛው እጠራለሁ።