ደክሟል ብዬ ያስተረጎምኩት ዛፍ

«አባዬ፣ ነገ ዛፍ ለኪዎቹ ወደ ማሳዎ ሲመጡ እርስዎ ዝም ይበሉ። እኔ መጥቼ እናገራለሁ» አለች ባለቤቴ ሌንሳ ለአባቷ፣ በኦሮምኛ። «ያን ጊዜ ተናግረው አይተናል።»

«ምን ተናገርኩ?»

«ዛፎቹ ደክመዋል ብለዋላ። ወረቀቱ ላይ አለ፤ ባለቤቱ ራሳቸው መስክረዋል ይላል።»

አማቴ ከዓለም ጤና በሚኒባስ የመጡት ልጃችንን ሊያዩ ነበር። አዳማ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአባትና በልጅ መካከል ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ። አሁን የምጽፈውን ለሌንሳ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ።

ያን ክረምት ለመስኖ ቦይ ጥናት የዛፍ ቅጠል ከሚለኩ ሰዎች ጋር ተቀጥሬ ነበር። ማሽኑን እሸከማለሁ፣ ለአካባቢው እንግዳ ለሆነው ኢንጂነር ኦሮምኛውን አስተረጉማለሁ። ማሽኑ በሦስት እግሩ ቆሞ ወደ ዛፉ አናት የሌዘር ጨረር ይረጫል። ቅጠል የነካው ጨረር ይመለሳል፤ ያልነካው ሰማይ ገብቶ ይቀራል። ከተመለሰው የቅጠሉ ብዛት ይሰላል። በአንድ ሽማግሌ ማሳ ላይ የነበሩት ገርቢዎች ናቸው፤ በዝናብ ጊዜ ረግፈው በበጋ የሚለመልሙ ግራሮች። ነሐሴ ስለነበር ጨረራችን ሁሉ ማለት ይቻላል ሰማይ ገባ።

ሽማግሌው ያኔ አማቴ አልነበሩም። ወደ እኔ ዞረው «ገርቢ በክረምት ይተኛል። በጥር መጥታችሁ ለኩት» አሉኝ።

ኢንጂነሩ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ደክሟል ነው የሚሉት» አልኩ።

አልሰማሁም ነበር? ሰምቻለሁ። ቃሉ ጠፍቶኝ ነበር? እኔ እኮ ግጥም ስጽፍ ለአንዲት ቃል ሳምንት የምቆዝም ሰው ነኝ። መቂ ያደግኩት እኔ፣ በበጋ በገርቢ ጥላ ኳስ የተጫወትኩት እኔ፣ ተኝቷል የተባለውን ደክሟል አልኩ። ልኬቱ በጥር ይደገም ቢባል እኔም መመለሴ ነው፤ በጥር ደግሞ አዲስ አበባ ግጥም እንዳነብ ተጋብዤ ነበር። አነበብኩ። ምን እንዳነበብኩ ዛሬ እኔም አላስታውስም።

የማሽኑ ቁጥርና የባለቤቱ ቃል ስለተስማሙ አምስት ገርቢዎች «የደረቁ» ተብለው ተመዘገቡ። የመስኖ ቦዩ በእነሱ ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። ሲቆረጡ ውስጣቸው እርጥብ ነበር አሉ።

ጥፋቴን ልናገር ብዬ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄጄ ነበር። እርጎ ሰጡኝ፤ ጠጥቼ ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ደግሞ ጠጣሁ። በመጨረሻ ልጃቸውን ለጋብቻ ጠየቅኩ።

አማቴ አሁን ቀና ብለው አዩኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ያስተረጎምከው አንተ ነበርክ። ምን ነበር ያልኩት?»

ሌንሳም ዞረች። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር።

«ቆየ እኮ፣ አባባ። አላስታውስም።»

የመጀመሪያውን በልጅነት ላሳብብ እችል ይሆናል። ይሄኛውን በምን ላሳብብ? ከአንተም፣ አንባቢዬ፣ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር የሚሉኝ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር።

አማቴ «እንግዲህ፣ ደክሟል ብዬ ይሆናል። እርጅና ነው» አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ። ሌንሳ ልትሸኛቸው ብትነሳ፣ አልጋው ላይ ያለችውን ልጃችንን በአገጫቸው እያሳዩ «ተዪ፣ ተኝታለች» አሉ።

ወጡ። እንዳትነቃም በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።