ለአማካይ የወጣች ክብ ምልክት

ደባርቅ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ከተቀመጥሁባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ከንቱው ስለ አንዲት ምልክት ያደረግነው ነው። በዚያች ምልክት ሰበብ አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ትምህርቷን ጥላ ወደ ገጠር አገሯ ወደ አምባራስ ልትመለስ ነበር።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ፕሮግራም መጻፍ ሲያቅታቸው አንዲት ትንሽ የአማርኛ የፕሮግራም ቋንቋ ሠራሁላቸው። «አንብብ»፣ «አሳይ»፣ «ከሆነ» የሚሉ ትእዛዞች ነበሯት። ኦፕሬተር የምንለው፣ ማለትም ኮምፒውተሩን «አስላ» የሚለው ምልክት፣ አራት ብቻ ነበር፤ መደመሪያ፣ መቀነሻ፣ ማባዣና ማካፈያ። በእሷ የሴሚስተሩን ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉን የውጤት ሰንጠረዥ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፍን። እስከዚያ ድረስ መምህሩ ጋቢውን ተከናንቦ የስልሳ ተማሪ ድምር፣ አማካይና ደረጃ በእጁ ነበር የሚያወጣው።

የሒሳብ መምህራችን ዜማ ቤት ያደጉ ስለነበሩ «የኔታ» እንላቸዋለን።

«በዜማ እኮ» አሉ፣ «ከፊደሉ ላይ አንዲት ምልክት ትቀመጣለች፤ የተማረ ይገባዋል፤ ዘርዝሮ የሚጽፍ የለም። አንተም ለአማካይ አንድ ምልክት ጨምር።»

«የኔታ፣ አማካይ ድምርን በብዛት ማካፈል ነው፤ ማካፈያው ደግሞ አለ። ተማሪው በስንት እንደሚያካፍል ካላየ ምን ተማረ? አንደኛ...»

«አንተ ማስረዳት ከጀመርህማ፣ እስክትጨርስ በብርዱ አልበስል የሚለው የሰሜን ባቄላም ይበስላል!»

መምህራኑ ሳቁ። ርእሰ መምህሩ ግን አልሳቁም፤ የሪፖርታቸው ቅጽ ላይ «አዲስ ፈጠራ» የሚል ባዶ ሳጥን ነበረና ኮሚቴ አቋቋሙ።

መብራት በሳምንት ሦስት ቀን በሚመጣበት ከተማ፣ መብራት ያለባቸውን ሁለት ከሰዓቶች ምልክቱ ክብ ይሁን ወይስ መስቀል በሚል ጨረስናቸው። የመምህራኑ የአንድ ለአምስት ቡድን ሰብሳቢ «መስቀል መደመሪያ ይመስላል» ሲል እንደ ትልቅ ግኝት ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረለት። በስንት እንደሚካፈል የጠየቀ አልነበረም። እኔም ተቃወምሁ፣ ተቃወምሁና ፈረምሁ። ክቧን ቋንቋው ውስጥ ያስገባሁትም እኔው ነኝ፤ ትምህርቱ ዐሥራ አንድ ስለሆነ በዐሥራ አንድ እንድታካፍል አድርጌ።

ካርድ በተሰጠ ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ አንዲት ተማሪ መጣች። እግሯን ስለሚያማት ከስፖርት ትምህርት ነፃ ናት። አገሯ አምባራስ ነው፤ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ነው የምትማር። አባቷ «ከአምስተኛ በታች ከወጣሽ ትመለሻለሽ» ብለዋታል፤ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርዱ ካርዱን ያያሉ።

«ቲቸር፣ የተፈተንኩት ዐሥር ትምህርት ነው። ድምሬ ስምንት መቶ ሃያ። ሰባ አራት ነጥብ አምስት ከየት መጣ? ዐሥራ አራተኛ ነሽ ይላል።»

ወደ የኔታ ወሰድኋት። ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት።

«ምልክቱስ ልክ ነው። ጉድለቱ ከልጅቱ ነው፤ አንድ ትምህርት ጎድሏታል።»

«መምህር፣ እኔ አልጎደልኩም» አለች። «አካፋዩ ነው የበዛው።»

ኮሚቴው በሁለት ከሰዓት ያልደረሰበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ርእሰ መምህሩ ሲሰሙ ግን ሌላ መፍትሔ አገኙ፤ ነፃ ለሆኑ ተማሪዎች ሁለተኛ ምልክት ይጨመር፣ ኮሚቴውም ሰኞ ይሰብሰብ አሉ።

«ሰኞ ከቅዳሜ በኋላ ነው» አልኋቸው።

«አሠራር አለ፣ መምህር።»

መብራት ስለነበር ልጅቱን ይዤ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። ክቧን አጠፋሁ፤ እሷ በቦታዋ «ድምር ÷ የተፈተነው ብዛት» ብላ ጻፈች። ሰማንያ ሁለት፤ ሦስተኛ። የክፍሏ ኃላፊም እኔ ስለነበርሁ ካርዷን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ አረምሁና ፈረምሁ። ርእሰ መምህሩ ግን ቃለ ጉባኤው ሳይሻር ማኅተም አልመታም አሉ።

ቅዳሜ አባቷ ካርዱን ይዘው መጡ።

«መምህር፣ ይህን የሰረዙት እርስዎ ነዎት? ማኅተሙስ?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ልጅቱ ቀደመችኝ።

«አባባ፣ ስምንት መቶ ሃያን ለዐሥር አካፍለው።»

ካርዱን አጥፈው መለሱላት።

«ለዐሥር ማካፈልማ እኔም አውቃለሁ። ትምህርትሽን ተማሪ፣ ልጄ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እዚህ ያሉት መምህራንስ አያውቁም ነበር?»

ያን ዕለት ብቻ ነው ማስረዳት ያቃተኝ።