ያልወረደው የመጨረሻ ክፍል

ሊይዙኝ ሲመጡ የመጨረሻው ክፍል እየወረደ ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የምጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ያን ቀን ኔትወርኩ ሲሞት ሲነሳ ውሎ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሦስት ሰዎች ገቡ። ደንበኛ መስለውኝ «አንዴ ታገሱኝ፣ እሷን ላስጨርስ» አልኳቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው።

ፊልሙ ስለ ቫይኪንጎች የተሠራ ተከታታይ ድራማ ነው። በድሮ ዘመን ከሰሜን ከበረዶ አገር በጀልባ እየተነሱ የሰው አገር ስለሚዘርፉ ጢማም ሰዎች። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ግን ለዚያ ድራማ የነበረኝ ፍቅር ሌላ ነበር። ግራና ቀኙን ተላጭቼ የመሐሉን ፀጉር አስረዝሜ እስከ መጎንጎን ደርሼ ነበር። እናቴ «አሁን አንተ የጌታ ልጅ ትመስላለህ?» እያለች ቸርች አብራኝ መሄድ አቁማ ነበር።

ድራማውን ከሚወዱ ጓደኞቼ ጋር የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። «ነገ ከተማዋ ትያዛለች፣ ንጉሡም አያመልጥም» ብዬ የጻፍኩት እዚያ ላይ ነው፣ ከተማችን በግርግርና በወሬ በምትታመስበት ሰሞን። መርማሪው ስልኬን ይዞ «ንጉሡ ማነው?» አለኝ። ነገርኩት። «የየት አገር ንጉሥ?» አለ። የእንግሊዝ አልኩት። አልሳቀም። እኔም ያኔ አልሳቅሁም።

በመኪና ሲወስዱኝ ዓይኔን ሸፍነውኝ ነበር። ጆሮዬ ድፍን ሲል ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረድን መሆኑን አወቅሁ። ኮምቦልቻ ነው። ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ከላይ። የማሽላ ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል። ለደሴ ብርድ የለበስኩትን ወፍራም ጃኬት አውልቄ ተንተራስኩት። ብዙ ሰው ነበር፣ ግን ማን የማን ሰው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። እንደዚያ ሰው በሞላበት ቤት እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

የሚያንገበግበኝ የእናቴ ነገር ነበር። የት እንዳለሁ አታውቅም። መኖሬንም አታውቅም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ስልክ አይፈቀድም፣ ጠያቂም ሊመጣ የሚችለው እዚያ መሆኔን ያወቀ እንደሆነ ነው።

ከጎኔ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ የገጠር ሽማግሌ ነበሩ። ለብዙ ጊዜ ሲያዩኝ ቆይተው፣
«አንተ ልጅ፣ ፀጉርህን ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ።
«ፊልም አይቼ ነው፣ አባባ።»
«አልሐምዱሊላህ! ቋቁቻ መስሎኝ ልርቅህ ነበር። ምን ያለ ፊልም ነው? እስቲ አጫውተኝ።»

የከሰዓት በኋላውን ስግደት፣ አሱርን፣ ሰግደው ፎጣቸውን ሲያጥፉ የእኔ ተራ ይሆናል። በየቀኑ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

«ባሕሩ ከሐይቅ ይበልጣል?»
«ሐይቅ ምኑ ይነካዋል፣ አባባ!»
«አጂብ! እርሻስ የላቸውም?»
«አላቸው።»
«መሬት እያላቸው ነው የሰው ቤት የሚዘርፉ? ዱርዬዎች ናቸው በለኛ!»

እኔ ደግሞ የሥጋ ዘመዶቼ የተሰደቡ ይመስል እከራከርላቸዋለሁ። ክረምቱ ረጅም ነው፣ መሬቱ ድንጋይ ነው እላለሁ። «ወላሂ፣ የኛም መሬት ድንጋይ ነው» ይሉኛል። ጀግና ብዬ የማደንቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አጣጣሉብኝ።

የወደዱት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሽማግሌውን ጀልባ ሠሪ። ልጁ ከዘራፊዎቹ ጋር ሄዶ፣ የተሳፈረባት ጀልባ ጭጋግ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። እሱ ከባሕሩ ዳር ሆኖ እንጨት ሲጠርብ ይውላል። እኔ እሱ ሲመጣ እያሳለፍኩ ነበር የማየው፣ ያሰለቸኝ ነበር። አሁን ስለ እሱ ብቻ ስለሚጠይቁኝ የት ተቀምጦ እንደነበር፣ ምን እንዳለ፣ ለማስታወስ ራሴን ሳስጨንቅ እውላለሁ። የፊልሙ ጦርነት መሐል ሆነን እንኳ ያቋርጡኛል።

«የጀልባ ሠሪው ልጅስ?»
«ገና ነው፣ አባባ።»

የእሳቸውም ልጅ በግርግሩ ጊዜ ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። እሱን ፍለጋ ኮምቦልቻ ወርደው ሲንከራተቱ መታወቂያ አልያዙም ተብለው ነው የገቡት። ይህን የነገሩኝ አንዴ ብቻ ነው፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

አንድ ቀን ያየሁት ሁሉ አለቀ። ጀልባ ሠሪው ቀና ሲል ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት ጀልባ ብቅ ትላለች። ማን እንዳለባት ሳይታይ ክፍሉ ያበቃል። ይህን ብዬ ዝም ስል እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ሞቶ እንደሆነ አሁን አትንገረኝ። መርዶ በጧት ነው።»
«አባባ፣ ፊልም እኮ ነው።»
«ይሁን። መርዶ ለመሸበት ሰው አይነገርም፣ ሌሊቱን ምን ሊሆን ነው? ሽማግሌ ይላካል፣ በጧት፣ ጎረቤት ሳይበተን።» ፎጣቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ «እኛ ቤት በጧት በር ከተንኳኳ ባለቤቴ የያዘችው ሁሉ ይወድቃል» አሉ።

«መጨረሻውን አላየሁትም፣ አባባ። ሳይወርድልኝ ነው የያዙኝ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንግዲያው አልሞተም» አሉና ፎጣቸውን ተንተርሰው ጋደም አሉ።

በማግሥቱ ገና በማለዳ ስማቸው ተጠራና «ተፈተሃል፣ ውጣ» ተባሉ። ፎጣቸውን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ «የእናትህ ቤት የት ነው?» አሉኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አልኳቸው። «አብሽር» ብለው ወጡ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ምን አላት? ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ፣ እናቴም ለምሳ እዚህ ናት ብዬ በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ምሳ የመጣላቸው ተጠሩ። እኔ አልተጠራሁም። ፀሐይዋ ከመስኮቷ ላይ ስትሸሽ ተስፋ ቆረጥኩ። ረሱኝ አልኩ። ምን አገባቸው፣ የራሳቸው ጭንቅ አለባቸው፣ ቤታቸው ገብተዋል አልኩ። እንዲህ እያልኩም ተናደድኩባቸው። ከገባሁ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ፣ ፎጣቸውን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ።

በነጋታው ተጠራሁ። ምሳ ዕቃና የታጠበ ሸሚዝ በፌስታል ተሰጠኝ። ሸሚዙ የቤታችንን ሳሙና ይሸታል። ለረጅም ጊዜ ምሳ ዕቃውን ሳልከፍት ሸሚዙን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

የሆነውን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ፣ ከእናቴ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ ሆነው የማታውቃቸው ሰው «ምሥራች! ምሥራች!» እያሉ ሲጮኹ ሰማች። «ምስር ይብሉ!» እያለች በባዶ እግሯ ወጣች። ነገሯት። ውሃ ስትሰጣቸው ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መቼ እንደደረሱ ጠየቀቻቸው።

«በጧት ነው የደረስኩ። በርሽንም አይቼው ነበር።»
«ታዲያ ምነው?»
«እህቴ፣ በጧት እኔን የመሰለ ሽማግሌ ከበርሽ ቆሞ ብታዪ፣ አፌን እስክከፍት ልብሽ ይቆይልኝ ነበር?»

ተመልሰው ከሰፈሩ መስጊድ ግንብ ሥር ቁጭ ብለው ውለዋል። አሱርን ሰግደው ነው የመጡት። የራሳቸው ሚስት እሳቸውንም ልጃቸውንም እየጠበቀች ነበር፣ ወደ ቤታቸው የሄዱት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ምግብ ቅመሱ ብትላቸው «ባለቤቴ ትጨነቃለች» ብለው ተነሱ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ «ጌታ ይባርካቸው» ትልና አንገቷን ትደፋለች፣ እኔም ያን ቀን በልቤ ያልኳቸውን አስቤ አቀረቅራለሁ።

አሁን ፀጉሬን ተቆርጫለሁ። ሱቄ እዚያው ነው። የመጨረሻው ክፍል ከወረደ ቆየ፣ ለደንበኛ ሁሉ እጭናለሁ። «እስከ ዛሬ አላየኸውም? ጀልባዋ ላይ እኮ...» ሲሉኝ «በፈጠራችሁ! አትንገሩኝ!» እያልኩ ጆሮዬን እይዛለሁ። ያብዳሉ እንጂ አይገባቸውም።

የሽማግሌው ልጅ እስካሁን አልተገኘም። ለእናቴ በተዉላት ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። ከሰላምታው በኋላ «የጀልባ ሠሪው ልጅስ?» ይሉኛል። «ገና አላየሁትም» እላለሁ። «ጎሽ፣ ልጄ» ይሉኛል፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ እናወራለን።

አንዳንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነቃ ይናፍቁኛል፣ ድምፃቸውን ብሰማ እላለሁ። ስልኩን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አሱር እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። በጧት ደውዬላቸው አላውቅም።