ያጠራቀምኋቸው ሦስት ቀናት

ጆሮዬ የከዳኝ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ በመጨረሻ ሰው። እኔም ለማንም ሳልናገር ራሴን መነቅነቅ ጀመርሁ። ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እነቀንቃለሁ፤ ሲስቅ እስቃለሁ፤ ፊቱን ሲያጠቁር «እግዜር ያውቃል» እላለሁ። በዚህ ዘዴ ሁለት ዓመት ኖርሁ። እንዲያውም ጥሩ አድማጭ ነው የሚል ስም ሳላተርፍ አልቀረሁም።

ልጄ ሐኪም ቤት ስለምትሠራ አልተሸወደችም። ስልኬ ላይ አንድ መተግበሪያ ጫነችልኝ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ስሰካው ስልኩ የሰውን ድምፅ አጉልቶ ያቀብለኛል። «ሰባት ቀን በነፃ ነው፣ ከዚያ በየወሩ ያስከፍላል» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ።

አራቱን ቀን ምን ላይ እንዳዋልሁት መናገር ያሳፍራል። እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ወርጄ ሰው ሲያማኝ ሰማሁበት። ከጡረታ ጓደኞቼ ጋር የምንቀመጥባት አንዲት የሱቅ በረንዳ አለች። ማዳመጫውን በጋቢዬ ሸፍኜ እንደ ወትሮዬ ተቀመጥሁ። አንደኛው፣ አለመስማቴን አምኖ፣ አጠገቡ ላለው፣

«ሲነቀንቅ የሰማ ይመስልሃል? እንሽላሊትም ይነቀንቃል» አለው።

ሁለት ዓመት የደበቅሁት ነገር ለካ የበረንዳው ሁሉ ጨዋታ ኖሯል። ልቆጣ ይገባኝ ነበር፤ ስድቡ ግን ሸጋ ስለነበረ ሳቄን በጋቢዬ አፍኜ ዋልሁ። ከዚያማ ጣመኝና ሦስት ቀን ሙሉ እየተመላለስሁ ስሜን ከሰው አፍ ስለቅም ከረምሁ።

በአምስተኛው ቀን ጧት ከትውልድ አገሬ ከመካነ ብርሃን መልእክት መጣ። ታናሽ ወንድሜ ሕመም ጠንቶበታል፤ የንስሐ አባቱ ተጠርተዋል፤ ከመናዘዙ በፊት ግን ለእኔ የሚነግረኝ አለው። እኔ ከተማ ገብቼ ወንበር ላይ ሳረጅ መሬቱንም፣ ከብቱንም፣ እናትና አባታችንንም የያዘ እሱ ነው።

በእኛ አገር ኑዛዜ በቄስና በሽማግሌ ፊት ነው። ለታላቁ ብቻ የሚነገር ነገር ካለ ግን ሰዉ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ያን ቃል ሌላ ጆሮ አይሰማውም።

ሦስት ቀን ቀርቶኛል ብዬ አሰላሁ። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤዋን ከድና እንደምታስቀምጥ ሴት፣ ቀኖቹ እንዳያልቁብኝ ስልኩን ጥርቅም አድርጌ አጠፋሁት። መኪና እስኪገኝ ሁለት ቀን፣ መንገዱ አንድ ቀን ፈጀ። ደባርቅን አልፈን ዳገት ቁልቁለቱን ስንንገላታ እንኳ በደረት ኪሴ ያለውን ስልክ እየደባበስሁ በብልሃቴ እኩራራ ነበር።

ወንድሜ ከስቶ መደቡ ላይ ተኝቷል። ሲያየኝ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሚስቱ ሳትቀር ሁሉም ወጣ። ማዳመጫዬን ሰክቼ ስልኩን ከፈትሁት። የነፃው ጊዜ አልቋል ይላል፤ ለመቀጠል ይክፈሉ ይላል። ስልኩ ጠፍቶም ቀኖቹ ይቆጠሩ ኖሯል። ክፈል የሚለውን ነካሁት። የውጭ አገር ባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀኝ።

ስልክ የገዛ ሰው ለመተግበሪያ ደግሞ ለምን ይከፍላል የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ የሠራውም ሰው ይብላ። በግ ቢለኝ በግ እሸጥ ነበር። እሱ ግን መርጦ የሌለኝን ጠየቀኝ፤ ያውም ካስለመደኝ በኋላ።

«አያ» አለኝ ወንድሜ። ይህችን ከከንፈሩ ለየኋት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራኝ በእሷ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላወቅሁም። ረጅም ተናገረ። መሐል ላይ አለቀሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ፈገግ አለ። መጻፍ አያውቅም፤ ጮኾ ለመድገም አቅም የለውም፤ ቢጮህም ደጅ ያሉት ይሰሙታል። ይህን ሁሉ ሰበብ በኋላ ነው የደረደርሁት። «አልሰማሁህም» ያላልሁት አፍሬ ነው።

መጨረሻ ላይ እጄን ይዞ ጠየቀኝ። ጥያቄ መሆኑን ከዓይኑ አየሁ። ራሴን ነቀነቅሁ።

«እሺ» አልሁት።

ፊቱ ፈታ አለ። ማግስቱን አረፈ።

ከቀብር ስንመለስ ሚስቱ ቀረብ ብላ አናገረችኝ፤ ምን እንደምትጠይቅ ለማወቅ ጆሮ አላስፈለገኝም። «የእኔና የእሱ ነው» አልኋት። እሷም አገሩም ምስጢር ጠባቂ ብለው አከበሩኝ። ከተጣላሁት ጎረቤት አስታርቀኝ ይሆን ያለኝ? ልጆቹን አደራ ይሆን? ወይስ ከዚህ ትዳር በፊት የወለደው፣ ማንም የማያውቀው ልጅ አለው? ቃል ገብቻለሁ፤ ለምን እንደገባሁ አላውቅም፤ የሚያውቀው አፈር ገባ።

ጎንደር ስመለስ ልጄ ውጭ አገር ያለች ባልንጀራዋ ልትከፍልልኝ እንደምትችል ጻፈችልኝ። ወረቀቱን አጥፌ መለስሁላት። አሁን ለመስማት የቀረኝ የበረንዳው ወሬ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰምቼ ጨርሻለሁ።