ለአንድ ሰው የታዘዘ ክኒን

ኡሙሃኒ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች የናዲራን ቀሚስ ጎን ትተረትራለች። ጨርቁ አረንጓዴ ሐር ነው፤ በኃይል ከሳቡት ይተለተላል፣ መርፌ ያለፈበት ቀዳዳም ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ በትንሿ መቀስ አንድ አንድ ስፌት እየቆረጠች፣ ክሩን በጥፍሯ እየመዘዘች፣ ብጥስጣሹን ጭኗ ላይ በዘረጋችው ፎጣ ላይ ታከማቻለች። የናዲራ ልጅ የኢሽራቅ ኒካህ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቀሚሱ ከተሰፋ ወዲህ ወገቡ ሲጠብ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰው ልብስ ማጥበብ ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን በየስፌቱ መሃል መቀሷን ታቆማለች። ናዲራ ባጭር ጊዜ እንዲህ የከሳችው በምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ናዲራ ራሷ፣ ሌላዋ ኡሙሃኒ። ክኒኑን የሰጠቻት እሷ ናት።

ክኒኑ የኡሙሃኒ ነበር። ኡሙሃኒ ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች፣ ስፌት ከአጎቷ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ የተማረች ሴት ናት። ሚኒሶታ ከመጣች በኋላ ፕሊማውዝ ከሚገኝ ፋብሪካ ገብታ የፕላስቲክ ዕቃ እያሸገች ብዙ ዓመት ሠራች። ከአፕል ቫሊ እስከዚያ ድራይቭ ስታደርግ በአንድ እጇ መሪ፣ በሌላው የምትበላውን ትይዛለች። ለስላሳ መጠጥ ከመኪናዋ አይጠፋም። ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ያለ ጊዜ ፋብሪካውን ተወችና የስፌት መኪናዋን መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ተከለች፤ ተቀምጣ መዋሉ ደግሞ ይብስ አከበዳት።

በፈረንጆቹ 2005 ማለቂያ ላይ የክሊኒኩ ዶክተር ስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ነገረቻት። እናቷን የገደለው ስኳር ነው። አስቀድሞ እግሯን፣ ከዚያ ዓይኗን፣ በመጨረሻ ራሷን ወሰዳት። ኡሙሃኒ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና መስታወቱ በትንፋሿ ጭጋግ እስኪለብስ አለቀሰች።

ዶክተሯ ሽበቷን የማትቀባ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ ክኒን እንዳለ ነገረቻት፤ ግን ከማዘዟ በፊት ብዙ ጠየቀቻት። ልብሽን ያምሻል ወይ፣ ግፊት አለብሽ ወይ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ሌላ ምን ትውጫለሽ። ደሟን አስመረመረች፣ የልቧን ምት በሽቦ አስነሳች። ክኒኑ እጅሽን ይዞ የሚያግዝሽ ነው እንጂ መንገዱን የምትሄጂው አንቺ ነሽ አለቻት። በየወሩ መጥታ ግፊቷን እንድትለካ፣ ቤቷም መለኪያ ገዝታ እንድታስቀምጥ አዘዘቻት። ግፊቷ ከፍ ካለ ክኒኑ በዚያው ቀን ይቆማል። በቀን ከአንድ አይበልጥም፤ ለሌላ ሰው ደግሞ አይሰጥም። ኡሙሃኒ ራሷን ነቀነቀች።

ከባዱ ክኒኑ አልነበረም፤ ሳህኑ ነበር። የአመጋገብ ባለሙያዋ በአንድ ምግብ ምን ያህል እንጀራ እንደምትበላ ስትጠይቃት ኡሙሃኒ ለክታ አታውቅም ነበር። ከትሪ ላይ ከሌላው ጋር ሲበላ ማን ይለካል? አንዱ ሲያጎርስ፣ ሌላው ወጡን ወደ አንቺ ሲገፋ፣ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም። ባለሙያዋ እንግዲያው የራስሽ ሳህን ይኑርሽ አለቻት።

በመጀመሪያው ቀን ባህሩዲን፣ ባሏ፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስበትን ታክሲ አቁሞ ገባ፤ ትሪው ፊት ተቀመጠና እሷ ትንሽ ነጭ ሳህን ይዛ ማዶ ስትቀመጥ አየ። ከትሪው የበላው በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ነበር፤ የእሷ በኩል እንደተዘረጋ ቀረ። ኡሙሃኒም ያንን ንጹሕ እንጀራ ስትጠቀልል ሌባ የሆነች መሰላት።

ናዲራ ግን ዝም አላለችም። የባህሩዲን ታላቅ እህት ናት፤ ምላሷ ፈጣን፣ ሳቋ ቤት የሚሞላ። ቤቷ እንግዳ በሞላበት ቀን ኡሙሃኒን ገና ከበር ስታያት፣ «ሳህንሽን ይዘሽ መጣሽ ወይስ የኛን እናጥበው?» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኡሙሃኒም አብራ ሳቀች። ሌሎቹ ሴቶች ደግሞ ጥግ ይዘው፣ አሞሽ ነው እንዴ፣ ንገሪን፣ ዱዓ እናድርግልሽ ይሏታል። መክሳት ለእነሱ የበሽታ ወሬ ነው።

ቢሆንም ክረምቱን ሁሉ የገበያ አዳራሹ ሱቆች ሳይከፈቱ ጠዋት ጠዋት ከሽማግሌ ፈረንጆች ጋር ኮሪደሩን ዞረች። በወጥ ላይ ዘይቱን በማንኪያ ጨመረች እንጂ ከጠርሙሱ አላፈሰሰችም። ለስላሳውን ተወች። ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ጀመረ። ዶክተሯ የደሟን ውጤት አሳይታ ከዚያ ደጃፍ ፈቀቅ ብለሻል ስትላት ኡሙሃኒ የዶክተሯን እጅ ልትስም ቃጣት።

ናዲራ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የልጇ ኒካህ ተቆርጧል፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል፣ አማቾቹ ከኦሃዮ ይመጣሉ። ክኒኑን ለጥቂት ጊዜ አካፍይኝ አለች። ኡሙሃኒ ዶክተሯ እንዳትሰጥ እንዳዘዘቻት ልትነግራት ጀመረች። ናዲራ አላስጨረሰቻትም።

«ከትሪ ተለየሽ፣ ዝም አልን» አለቻት፣ በዚህ ጊዜ ሳትስቅ። «ከመድኃኒትም ልትለዪን ነው?»

ኮምቦልቻ አንድ ቤት የተረፈ እንክብል መንደሩን ይዞር ነበር። ያላካፈለ ስሙ ይነሣል። ኡሙሃኒ የጠርሙሱን እኩሌታ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ለራሷ የቀረውን አንድ ቀን እየዘለለች ወሰደች፣ ለዶክተሯም አልተናገረችም። ዛሬ ፋርማሲው ክኒኑን እንደገና የሚሞላላት የሪፊሉ ቀን ነው። ናዲራን ሸኝታ ፋርማሲ ልትሄድ አስባለች።

ናዲራ ሳታንኳኳ ገባች። ኢሽራቅ ከአዳራሹ ሰዎች ጋር በስልክ እየተነጋገረች መኪና ውስጥ ቀርታለች። ናዲራ ቶሎ በይ፣ ሂና የሚቀቡን ሰዎች ይጠብቁናል እያለች ቀሚሱን በራሷ ላይ አጠለቀች። ኡሙሃኒ ከብብቷ ጀምራ ጨርቁን እያጠፈች ስፒል ትሰካ ጀመር። ጨርቁ ግን አልቆም አላት። ከጣቶቿ ሥር ሐሩ ቶሎ ቶሎ ይዘላል። መሰካቱን ትታ መዳፏን በናዲራ ጎድን ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ልብሽ ነው እንዴ?»

«የልጅ ሠርግ እኮ ነው። የማን ልብ ይተኛል?»

ናዲራ ስትናገር ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከግንባሯ ላብ ይወርዳል፣ ውጭ ደግሞ የፓርኪንጉ በረዶ ገና አልቀለጠም። ኡሙሃኒ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ዛሬ ስንት ወሰድሽ አለቻት።

«ሁለት። ትናንትም ሁለት። ቅዳሜ ደረሰ እኮ።»

ኡሙሃኒ መለኪያውን ከመሳቢያ አወጣችና ናዲራን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ክንዷን ጠቀለለች። ማሽኑ ነፋ፣ ጠበቀ፣ ቀስ እያለ ለቀቀ። በትንሿ መስኮት የወጣው ቁጥር ኡሙሃኒ እዚያ ላይ አይታው የማታውቀው ነበር። ተሳስቶ እንዳይሆን እንደገና ለካች። ባሰ።

«ናዲራዬ፣ ግፊት አለብሽ እንዴ?»

ናዲራ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከያዘኝ ቆየ አለች። ሐኪም የሰጣት ክኒን ነበር፤ ሁለት መድኃኒት ሆድ ውስጥ እንዳይጣላ ብላ የግፊቱን ተወችው። ኡሙሃኒ አልጋው አጠገብ እንደተንበረከከች ቀረች። ዶክተሯ ያን ሁሉ ስትጠይቃት ስልችት ብሏት ነበር። እሷ ክኒኑን በወረቀት ስትጠቀልል ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም።

ሐኪም ቤት እንሂድ አለቻት። ናዲራ ከቅዳሜ በኋላ አለች። ጭንቅላቴን ብቻ ነው የሚያመኝ፣ ሻይ ስጠጣ ይለቀኛል አለች። ከዚያ ከጠረጴዛው ስፒል ልታቀብላት እጇን ሰደደችና ሳተችው። እንደገና ሰደደች፣ አሁንም ሳተችው።

«ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አለች፣ ድምፅዋ ቀንሶ።

ኡሙሃኒ መስኮቱን ከፍታ ኢሽራቅን ጠራቻት። ቀሚሱን ከነስፒሉ አውልቀው አልጋው ላይ ጣሉት፤ ናዲራን በካፖርት ጠቅልለው ደግፈው አወረዷት። ከቤት ስትወጣ ኡሙሃኒ ተመልሳ ባዶውን የክኒን ጠርሙስ ከመሳቢያ አነሣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልታሳየው ይሁን ልትሸሽገው ገና አልቆረጠችም ነበር።

መንገድ ላይ ናዲራ የኋላ ወንበር ላይ ተደግፋ የኡሙሃኒን እጅ ጨምቃ ያዘች። ኢሽራቅ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ በሹክሹክታ ተናገረች።

«የክኒኑን ነገር ካነሣሽ እህቴ አይደለሽም። አማቾቿ ይሰማሉ። ባህሩዲን ይሰማል። አንቺንም ሐኪምሽ ታባርርሻለች።»

የመጨረሻውን ኡሙሃኒ ራሷ አስባበታለች። ክኒኑ ከቆመ ያ የድሮ ረሃብ ይመለሳል፤ ከረሃቡ ኋላ እናቷን የወሰደው በሽታ አለ። የናዲራ መዳፍ በላብ ርሷል፣ የደም ሥሯ ምት የኡሙሃኒን ጣቶች ይመታል።

ኢመርጀንሲ ክፍል ነርሷ የናዲራን ግፊት ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ቶሎ ቶሎ እየጠየቀች፣ ኢሽራቅ እየተረጎመች፣ ናዲራ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች። መቼ ጀመራት፣ የት ያማታል። ምን መድኃኒት ወሰደች የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ናዲራ ዓይኗን ገልጣ ኡሙሃኒን አየቻት።

«ምንም በያት» አለች።

ኢሽራቅ ያንኑ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ነርሷ ጻፈች። አንድ ሰው መጋረጃውን ገልጦ መርፌ ይዞ ገባ። ምን ሊሰጧት እንደሆነ ኡሙሃኒ አታውቅም፤ ዶክተሯ ግን ሌላ ምን ትውጫለሽ ብላ ደጋግማ የጠየቀቻት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አሁን ገባት። ቦርሳዋን ከፈተች። የጠርሙሱ ክዳን ከቁልፏ ጋር ተያይዞ አልወጣ አላት፤ ጎትታ አወጣችውና አልጋው ላይ፣ ናዲራ እግር አጠገብ አስቀመጠችው።

«ማይ ሜዲሲን» አለች፣ ባላት እንግሊዝኛ። ሁለት ጣቶቿን አነሣች። «ቱደይ ቱ። የስተርደይ ቱ።»

ነርሷ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ስም አንብባ ናዲራን አየች፣ ከዚያ ኡሙሃኒን። ይህ አንቺ ነሽ ወይ አለቻት። እኔ ነኝ አለች። ናዲራ የግፊት ክኒኗን መተዋንም ኢሽራቅ እንድትነግራት አደረገች። ኢሽራቅ ተርጉማ ስትጨርስ ለአጎቷ ሚስት በቁጣ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገረቻት፤ ኡሙሃኒ የገባት ግማሹ ነው፤ ግማሹም በቃት።

ከዚያ በኋላ ሰው በዛ። መድኃኒቱ በክንዷ ገባ፣ ሽቦ ደረቷ ላይ ተለጠፈ፣ ኡሙሃኒና ኢሽራቅ ወደ ኮሪደር ወጡ። ግድግዳ ተደገፉ። ኢሽራቅ በመጨረሻ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ኡሙሃኒ ሻርፗን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ ልጅቷም አልገፋችውም።

ሐኪሙ ወጥቶ ግፊቷ መውረድ እንደጀመረ፣ እስከ ነገ ግን እንደማይለቋት ነገራቸው። እስከ ቅዳሜ እንዲሁ ብትቀጥል የጭንቅላቷ ደም ሥር ሊፈነዳ ይችል ነበር አለ። ምን እንደወሰደች ቶሎ ማወቃቸው ረድቷቸዋል። ኢሽራቅ ይህን ለኡሙሃኒ በአማርኛ ነገረቻት፣ ቃል እየፈለገች።

ሲገቡ ናዲራ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። ኡሙሃኒ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቀሚሱን ምን አደረግሽው?» አለች ናዲራ፣ ሳትዞር።

«አልጋዬ ላይ ነው፣ ከነስፒሉ።»

«ወገቡን መልሺው። እንደ ድሮው አድርጊው።»

ኡሙሃኒም ከዚህ ሌላ ቃል አልጠበቀችም።

ባህሩዲን ሥራውን ጥሎ በታክሲው መጥቶ እህቱን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን ይዞ ወደ ቤት ነዳ። ኡሙሃኒ መኪናው ከፓርኪንጉ ሳይወጣ ሁሉንም ነገረችው። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሙ።

«ብትነግሪኝ እምቢ በያት እልሽ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አንተስ እምቢ ትላት ነበር?»

መብራቱ ሲለቃቸው ነዳ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ በመንገዱ ዳር የተቆለለው ጥቁር በረዶ እየቀለጠ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ ባህሩዲን ፍጥነቱን ቀነሰና ፍሬቻ አበራ። መድኃኒቴን ዛሬ አነሣለሁ ብለሽኝ አልነበረም ወይ አላት።

ኡሙሃኒ በመስታወቱ አየች። ሰዎች ከረጢት ይዘው ይወጣሉ። የሷም ስሟ ተጽፎበት ከኋላው መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃታል፤ ገብታ ብታነሣው የሚጠይቃት የለም። ዶክተሯ ጋ ያላት ቀጠሮ ሰኞ ነው። መጀመሪያ ይህን ነገር በራሷ አፍ ልትነግራት ይገባል፤ ከዚያ ዶክተሯ ያለችው ይሆናል። ጠዋት ግን የገበያ አዳራሹን ኮሪደር ትዞራለች፤ ያንን የሚከለክላት የለም። ነጩን ሳህንም አትተውም።

«እለፈው» አለችው።

ባህሩዲን ፍሬቻውን አጠፋና አለፈ። ቤት ሲደርሱ ኡሙሃኒ መብራቱን አብርታ ቀሚሱን አነሣች፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ መቀሷን ይዛም የወገቡን ስፌት ልትፈታ ተቀመጠች። ክኒኑ ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ቀረ።