ዚንክ ሁለት ኤሌክትሮን ሲያጣ

ኦብሴ አርፋ መቀመጥ አትችልም። ከመገናኛ በተሳፈረችበት ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ጣቷ ጉልበቷ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ዚንክ፣ ቀስት፣ የዚንክ አዮን፣ ሲደመር ሁለት ኤሌክትሮን። ረዳቱ አይቷት ጸሎት ነው ወይ ብሎ ቀለደባት።

ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ዛሬ የሙከራ የኬሚስትሪ ትምህርት አሰጥቶ ወይ ይቀጥራታል፣ ወይ ያሰናብታታል። አባቷ አቶ ወዳጆ ያርሱት የነበረው መሬት አሁን ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ቤቱ ተስፋ የጣለው በእሷ ደመወዝ ነው። ጎረቤቶች ግን ገና ሳትቀጠር «የኛ ቲቸር» ማለት ጀምረዋል። ባዶ እጇን በእነሱ ደጅ ማለፉ ነው ያስፈራት።

የዕለቱ ርእስ ግማሽ እኩልታ ነበር። ኤሌክትሮን ማጣት ኦክሲዴሽን፣ መቀበል ሪዳክሽን እንደሚባል አስረዳች። ዚንክ ያጣል ብላ ልትጽፍ ስትል ርእሰ መምህሩ አቶ ሀብቶም ዘግይተው ገቡ። ተማሪው በሙሉ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ተንጓጓ። ሁሉም ሲቀመጥ ኦብሴ ወደ ሰሌዳው ዞረችና ሁለቱን ኤሌክትሮኖች ከቀስቱ በግራ፣ ከዚንኩ ጎን ጻፈቻቸው።

አሁን ያጣል ያለችው ዚንክ ሰሌዳው ላይ ተቀባይ ሆነ። ተማሪዎቹ አይተዋል። ግን አስተማሪ በአለቃዋ ፊት አትታረምም፤ አንገታቸውን ደፍተው ስህተቱን ገለበጡ። ኦብሴ ጠመኔውን በመዳፏ እያሸች ወዲያ ወዲህ አለች። ሁሉም ለምን እንዳቀረቀሩ አልገባትም።

ከፊት የተቀመጠችው ሳጂዳ እጇን እስከ ትከሻዋ ብቻ አነሳች።

«ቲቸር፣ ቻርጁን አብረን እንደምረው?»

ኦብሴ ደመረች። በግራ ኔጌቲቭ ሁለት፣ በቀኝ ፖዘቲቭ ሁለት፤ እኩል መሆን ነበረባቸው። ጆሮዋ ጋለ። ማጥፊያው ቢጠፋባት በእጅጌዋ ጠረገችው።

«ተሳስቻለሁ» አለች። «አይታችሁ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እንዳያባርሩብን ብለን ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

ክፍሉ ሳቀ፤ አቶ ሀብቶም አልሳቁም። ኦብሴ ሳጂዳን ወደ ሰሌዳው ጠርታ ኤሌክትሮኖቹን በቀኝ አስጻፈቻት። ከእንግዲህ የሁለቱም ወገን ቻርጅ ተደምሮ እኩል ሳይሆን ማንም እንዳይገለብጥ አዘዘች፤ የጻፈችው እሷም ብትሆን።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ሀብቶም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆዩ።

«ያቺ ልጅ እኔ ባለሁበት እጇን አውጥታ አታውቅም» አሉ። ቀጥለውም ከሰኞ ጀምሮ የምትገባባቸውን ክፍሎች ነገሯት።

ወደ መገናኛ ስትመለስም ጣቷ አላረፈም። አሁን የሚጽፈው መዳብን ነው፤ የመዳብ አዮን ተቀባይ ነውና ኤሌክትሮኖቹን በግራ። ደግማ ደመረችው።