ጦስኝና ዝግ ያለ እሳት

የምሠራው ወረታ ካሉት የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በአንዱ ነው። ኅዳር ገብቶ የፎገራ ሩዝ ታጭዶ መምጣት ሲጀምር ሞተሩ ቀኑን ሙሉ አያርፍም፤ የቅርፊቱ ብናኝ እንደ ጉም ይነሣል። አፌን በሻሽ ብጠመጥምም አፍንጫዬ ከመዘጋት አይድንም ነበር። ያኔ እናቴ ውሃ አፍልታ፣ ባሕር ዛፍ ጨምራ፣ በጋቢ ሸፍና ታጥነኛለች። ለጊዜው ይሻለኛል። ጋቢውን ስገልጥ ግን ላቤን ብርድ ይመታውና በማግስቱ ሲያስነጥሰኝ እውላለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ እኅቴ ከቤሩት ጠቅልላ ተመለሰች። እዚያ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው፤ አሠሪዋም እንደኔ አፍንጫዋ የሚዘጋባት አሮጊት ነበረች። ሲሰነባበቱ አሮጊቷ አንዲት ጥቁር ማሽን በእጇ አስያዘቻት። በመዳፍ ትያዛለች፣ እንደ ስልክ ቻርጅ ትደረጋለች። ሆዷ ውስጥ ደረቅ ቅጠል የሚጨመርባት ትንሽ ጎድጓዳ አለች፤ ማሽኗ ቅጠሉን ሳታቃጥል ታሞቀዋለች፤ እንፋሎቱ በአፍ ተስቦ በአፍንጫ ይወጣል።

"እሷ ጦስኝ ነበር የምታደርግባት" አለችኝ እኅቴ። "ማጽዳቱ የኔ ሥራ ነበር። አጠቃቀሙን ግን አንድም ቀን አልሞከርሁትም።"

ከማሽኗ ጋር የመጣችው ወረቀት ሁለታችንም በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈች ናት። ስለዚህ እንደመሰለኝ ጀመርሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ቀጠፍሁና ከትፌ፣ ጠቅጥቄ ሞላሁባት። ሦስት መብራት አላት፤ ሰማያዊው ለስላሳ ሙቀት፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ቀዩ ኃይለኛ። እኔ በቀዩ ጀመርሁ። ማሽኗ ተንጫጫች። ብስብ ብስብ አልመጣ አለኝ፤ በመጨረሻ የመጣው ምላስ የሚያቃጥል መራራ ውሃ ነበር።

በሳምንቱ ከገበያ ጦስኝ ገዛሁና እንደ በርበሬ ደቆስሁት። ዱቄቱ ቀጥ ብሎ ጉሮሮዬ ገባ። ዕንባዬ እስኪወርድ ሳልሁ፤ እኅቴ ሳቋ አላስቆም ብሏት መደቡ ላይ ተቀመጠች። የቀረው ዱቄት ቀዩ መብራት ላይ አርሮ ቤቱ የተቃጠለ ሣር ሸተተ።

"ይህን የሰይጣን ዋሽንት አውጥተህ ጣልልኝ!" አለች እናቴ።

አልጣልኋትም። በዚያው ሰሞን ድስታችን ተሰነጠቀና ሌላ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሸክላ የሚሸጡት ሴትዮ ዕድሜያቸው ከእናቴ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ፣ እጃቸው አፈር የለመደ ናቸው። አነጋገሬን ሰምተው፣ "አፍንጫህን ምን ነካብኝ ልጄ?" አሉኝ። የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኋቸውና ማሽኗን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩዋት፤ አሸተቷት።

"እርጥብ ቅጠል ነው ያደረግህባት?"

"መጀመሪያ እርጥብ፣ ኋላ ደግሞ ደቁሼ።"

"እርጥብ ሸክላ እሳት ላይ ቢወጣ ምን ይሆናል? ይፈነዳል። እኛ አስቀድመን ጥላ ሥር ነው የምናደርቀው። ከዚያ በትንሽ እሳት እናሟሙቀዋለን፤ ትልቁ እሳት የኋላ ኋላ ነው። ስንደረድርም አናጨናንቅም። በመሃሉ ነፋስ ካላለፈ ግማሹ ያራል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ጦስኙን እኔ አድርቄ አቆይልሃለሁ፤ እሑድ እኛ ቤት ና።"

እሺ አልሁ፤ ግን ልቤ ተከፈለ። ያደግነው 'ሸክላ ሠሪ ቤት አይበላም፣ አይጠጣም፤ ዐይናቸው ይበላል' እየተባልን ነው። በሠሩት ድስት ግን በየቀኑ ወጥ እንሠራለን። ድስቱን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ይህ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አሳፈረኝ። እሑድ ለእናቴ ሳልነግር ከእኅቴ ጋር ሄድሁ።

ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው። ጦስኙ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ከጣራው ጥላ ሥር ተቀምጧል። አንድ ቁንጥር አንሥተው በጣታቸው አሹት፤ ተንኮሻኮሸ። እንደ ሻይ ቅጠል ሲሆን አቆሙ። ሳልጠቀጥቅ፣ ላላ አድርጌ ጨመርሁት። ሰማያዊውን መብራት አበራሁና ወዲያው ልስብ ስል እጄን ያዙኝ።

"ቆይ። ምጣድም ሳይግል አይጋገርበትም።"

ትንሽ ጠበቅሁና ትኩስ ሻይ እንደሚጠጣ ሰው ቀስ ብዬ ሳብሁ። የመጀመሪያው ምንም አልነበረውም። በሁለተኛው የጦስኝ ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ። በሦስተኛው በአፍንጫዬ ሳስወጣ አንድ ነገር ክፍት አለልኝ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የሸተተኝም የቤታቸው እርጥብ አፈር ነበር። ሽታው ሲደክም እኅቴ ቅጠሉን በስንጥር አገላበጠችው፤ መብራቱንም ወደ አረንጓዴ ከፍ አደረግነው። እንደገና ጣዕሙ መጣ። ወደ ቀዩ መሄድ አላስፈለገንም።

"እርስዎም ይሞክሩት እንጂ" አልኋቸው።

"እኔ? ዕድሜ ልኬን ጭስ የጠገብሁ!"

"ይህ ጭስ የለውም፣ እማማ" አለች እኅቴ።

ሳቡ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ፤ "ይቺ እኮ የሸክላ ማቃጠያዬ ልጅ ናት!" አሉ። ጠላ ቀዱልን። እኅቴ ቀድማ ተቀበለች፤ እኔም ጠጣሁ።

ቤት ስንመለስ እኅቴ የምታውቀውን ሥራ አስተማረችኝ። ቅሪቱ ማሽኗ ሙቀቷ ሳይወጣ ይራገፋል፤ ጎድጓዳዋ በትንሽ ብሩሽ ትጠረጋለች፤ እንፋሎቱ የሚያልፍባት ወንፊቷ ስትቀዘቅዝ ካቲካላ በነካው ጥጥ ትታሻለች። ካልጸዳች ያለፈው ቅጠል ምሬት በአዲሱ ላይ ይመጣል። ያንን ስሠራ እናቴ ገባች።

"ምን ይሸተኛል? ደግሞ መጠጥ ጀመርህ?"

ካቲካላው ለምን እንደሆነ ነገርኋት። የት እንደዋልንም ነገርኋት።

"ጠላ ጠጣችሁ?"

"ጠጣን።"

"ያማችሁ ነገር የለም?"

"ይኸውና፤ አፍንጫዬም ተከፍቷል።"

ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ለጥቂት ቀናት ግን ሁለታችንንም ስትከታተለን ነበር። እኔም ሰንበት ሰንበት እየሄድሁ ጦስኝ አመጣ ጀመር። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሽታው ቢያቀልልህም ከብናኙ አያድንህም ስላለችኝ፣ ደህና የአፍ መሸፈኛ ገዝቼ በሥራ ሰዓት ከፊቴ አላወልቅም። በሁለቱ እየታገዝሁ ያለፈውን የሩዝ ወራት ጥሩ አሳልፌዋለሁ።

አንድ ጧት ወደ ሥራ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ አስቆመችኝ። "መፈልፈያው የሚደፋውን ቅርፊት ለምን ለዚያች ሴትዮ አትወስድላትም? ለማገዶ ይሆናት ይሆናል" አለች። ወደ ሌላ እያየች ነው የተናገረችው። ያን ዕለት በአህያ ጋሪ ጭኜ ወሰድሁላቸው። ቅርፊቱ እሳቱን ዝግ አድርጎ እንደሚያቆይላቸውና በዚያ ሰሞን ከማቃጠያው ብዙም ያልተሰነጠቀ ሸክላ እንዳወጡ ኋላ ነገሩኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሴትዮዋ ክዳን ያላት ትንሽ ገንቦ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ፤ ጦስኙ እንዳይበላሽ ማስቀመጫ ብለው ሠርተዋት ነው። ግቡ እስኪባሉ ከመድረኩ አላለፉም። እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች።

"ግቡ እንጂ! ደጅ ይቆማል እንዴ?"

አንድ መሶብ ቀረበ። መጀመሪያ ሁለቱም ቁጥብ ነበሩ፤ በኋላ ግን ለአፍንጫ ዳማከሴ ይሻላል ወይስ ጦስኝ በሚለው ተከራከሩ። እናቴ የዳማከሴ ወገን ሆነች። አድርቀን እንሞክረው ተባለና እኅቴ ቅጠሉን ልትሰበስብ ወደ ጓሮ ወጣች።